የኮንዶሚኒየም ሳሎንን በሶፋው ማሳመር፦ ከቡናው ቦታ እስከ ጋቢው

ባለፈው ወር አንዲት ጓደኛዬ ደውላ "ሶፋዬ አስጠልቶኛል፣ ልሸጠው ነው" አለችኝ። ሄጄ አየሁት። ሶፋው ምንም አልሆነም። ቡናማ ነው፣ ባለ ሶስትና ባለ ሁለት፣ ስፖንጁም ገና አልሰመጠም። ነገር ግን ላዩ ላይ አስራ አንድ ትራስ ተደርድሯል። ልቀመጥ ስል አራቱን አንስቼ ጭኔ ላይ አደረግኩ፤ ሁለቱ መሬት ወደቁ። እሷ ደግሞ "ውይ ይቅርታ፣ ወዲያ አድርጊያቸው" እያለች ከኩሽና መጣች።

ሶፋ የሰው መቀመጫ ነው። እኛ ቤት ደግሞ ሰው ቀጠሮ ሳይዝ ይመጣል። ጎረቤት ለቡና ይጠራል፣ ዘመድ ከክፍለ ሀገር ይገባል፣ በዓል ሲሆን ልጆቹም አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ እኔ ሶፋን የምለካው በአንድ ነገር ነው፦ እንግዳ ገብቶ ምንም ሳያነሳ፣ ምንም ሳይገፋ መቀመጥ ይችላል ወይ? ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። ምሳሌዬ ባለ አንድ ወይም ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ጠባብ ሳሎን ላይ የሠራ ሰፊ ላይ አይቸግርም።

ግማሽ ቀን ይበቃችኋል። ሜትር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ አሮጌ ጋዜጣ፣ አንድ ጋቢና ጥቂት ትራስ አዘጋጁ። ለጊዜው ምንም አትግዙ።

1. መጀመሪያ ሶፋውን አራቁት

ላዩ ላይ ያለውን ሁሉ አውርዱ። ትራሱን፣ ዳንቴሉን፣ ልብሱን። አዲስ ሆኖ ሲመጣ የተጠቀለለበት ፕላስቲክ ካለም ቅደዱት። እንዳይቆሽሽ ብለን እናቆየዋለን፣ ግን ሰው ሲቀመጥበት ይጮሃል፣ ያልባል፣ ላቡም ጨርቁ ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ሶፋውን ከቦታው ሳቡና ከስሩና ከኋላው ያለውን አቧራ ጥረጉ። የጠፋ ሪሞትና የልጆች እርሳስ እዚያ ነው የሚገኘው።

መቀመጫዎቹን አንድ በአንድ በጉልበታችሁ ተጫኗቸው። ወዲያው ከተነሱ ደህና ናቸው። አንዱ ብቻ ከሰመጠ (ብዙ ጊዜ በቴሌቪዥኑ ትይዩ ያለው ነው) ገልብጡት ወይም ከሌላው ጋር ቦታ አቀያይሩት። ሁሉም ከሰመጡ ሶፋ መቀየር የለባችሁም። "ሶፋ እናድሳለን" የሚል ማስታወቂያ በየሰፈሩ አለ፤ ስፖንጁን ብቻ ያስቀይሩላችኋል። የሰመጠ ሶፋ ላይ ምንም ያህል የሚያምር ነገር ብትደርቡ አያምርም፤ ስለዚህ ይህን ሳትጨርሱ ወደሚቀጥለው አትለፉ።

2. የቡናውን ቦታ አስቀድሙ

ብዙ ሰው ሶፋውን መጀመሪያ ያስቀምጥና ቡናውን የተረፈው ቦታ ላይ ያፈላል። እኔ በተቃራኒው ነው የምሠራው። መጀመሪያ ቡና የምታፈላው ሰው የት እንደምትቀመጥ እወስናለሁ፤ ሶፋው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ለምን? ቡና ሲፈላ ሳሎኑ ውስጥ የሁሉም ዓይን ወደ ረከቦቱ ነው። አፍይዋ በር አጠገብ ተወሽቃ፣ ጀርባዋን ለግማሹ እንግዳ ሰጥታ ከተቀመጠች ጨዋታው ይቆራረጣል። ስኒ ለማቀበልም በሰው እግር ላይ መሻገር ይመጣል። ስለዚህ ከሶፋው ፊት ለፊት ወይም ከጎኑ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሚሆን ቦታ ለረከቦቱ፣ ለከሰል ምድጃውና ለበርጩማዋ አስቀሩ። ይህ ቦታ ከበረንዳው በር ወይም ከመስኮቱ ቢቀርብ ይመረጣል። የከሰል ጭስ በዝግ ቤት ውስጥ አደገኛ ነውና በሩ ወይም መስኮቱ ሁልጊዜ ይከፈት። የዕጣኑ ጭስም መውጫ ሲያገኝ ሶፋው ጨርቅ ላይ አይከማችም። መጋረጃው ግን ከፍሙ ይራቅ።

የቡናው ቦታ ሲታወቅ መተላለፊያውን ለኩ። የኮንዶሚኒየም ሳሎን ትልቁ ፈተና በሩ መብዛቱ ነው፤ የመግቢያው፣ የበረንዳው፣ የመኝታ ቤቱና የኩሽናው በር ሁሉ ሳሎኑ ላይ ይከፈታል። ከበር ወደ በር ሰው የሚሄድበትን መንገድ ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር አስምሩት። ስፋቱ 80 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ጠበበ ከተባለ ከ60 በታች አይውረድ፤ በዚያ በኩል ትሪ የያዘ ሰው ያልፋል። ሶፋው ከነዚህ መስመሮች ውጭ በተረፈው ቦታ ይቀመጣል።

ባለ ሶስቱን ረጅሙና በር የሌለበት ግድግዳ ጋ አድርጉት። ባለ ሁለቱ ከእሱ ጋር ማዕዘን ሠርቶ ይቀመጥ፤ ሰዎች አንገታቸውን ሳይጠመዝዙ እንዲጫወቱ። ባለ አንድ መቀመጫዋ ነጠላ ሶፋ ቦታ ካጣበበች ለጊዜው መኝታ ቤት ትግባ። ሙሉ ስብስብ ስለተገዛ ብቻ ሙሉው ሳሎን ውስጥ መታጨቅ የለበትም። ኤል ሼፕ ሶፋ ያላችሁ ደግሞ ረጅሙ እጅ ወደ በረንዳው በር እንዳይዘረጋ ተጠንቀቁ፤ ብርሃኑንም መንገዱንም አብሮ ይዘጋል።

ሶፋውን ከግድግዳ ጋር አታጣብቁት። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ራቅ ይበል። ክረምት ላይ ብዙ ግድግዳ እርጥበት ይይዛል፤ የተጣበቀ ሶፋ ጀርባው ይሻግታል። እስከ መስከረም ሳይታይ ይቆይና ለእንቁጣጣሽ ጽዳት ሲሳብ ነው ጉዱ የሚወጣው።

ውጭ አገር በአፓርታማ ለምትኖሩ የግድግዳ ማሞቂያ ካለ ከዚህም አብልጣችሁ አርቁ። ሙቀቱ ሶፋውን ያደርቃል፤ ሶፋው ደግሞ ሙቀቱ ወደ ቤቱ እንዳይገባ ይከለክላል።

3. ምንጣፍና ጠረጴዛ

ትንሽ ምንጣፍ ሳሎን መሃል ብቻዋን ስትቀመጥ ቤቱን ይበልጥ ታጠበዋለች። ምንጣፉ ቢያንስ የሶፋውን የፊት እግሮች ይቀበል፤ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከሶፋው ስር ይግባ። ለመካከለኛ ሳሎን 160 በ230 ሴንቲ ሜትር የሆነው ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን የቡናውን ቦታ አትሸፍኑት። የናይለን ምንጣፍ አንዲት ፍም ካረፈችበት ወዲያው ይቀልጣል፣ ቀዳዳውም አይደፈንም። ቄጤማ የሚጎዘጎዝበት ወለል ባዶ ሲሆን ለመጥረግም ይቀላል።

ጠረጴዛው ከሶፋው ጠርዝ ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከዚህ ከቀረበ ጉልበት ይመታል፣ ከራቀ ብርጭቆ ለማስቀመጥ መነሳት ይመጣል። ከፍታው ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ያለ ይሁን። ሳሎኑ ጠባብ ከሆነ ትልቁን ጠረጴዛ ትቼ አብረውት የሚመጡትን ትንንሾቹን ብቻ እጠቀማለሁ። እንግዳ ሲመጣ በየሰው ፊት ይቀመጣሉ፣ ሲሄድ ጥግ ይሰበሰባሉ።

ጠረጴዛው ላይ የፕላስቲክ አበባ፣ የከረሜላ ሳህን፣ የሶፍት ካርቶንና ሶስት ሪሞት አንድ ላይ አይሆንም። አንዱን ምረጡ። እኔ ብሆን ትንሽ ሙዳይ አስቀምጬ ሪሞቶቹን ውስጡ እከታቸዋለሁ።

4. ትራስ፦ ቁጥሩ፣ መጠኑ፣ ሙላቱ

ለባለ ሶስት ሶፋ ሶስት፣ ቢበዛ አራት። ለባለ ሁለት ሁለት። ለነጠላዋ አንድ፣ ካልሆነም ባዶ። ሁሉም ወደ ሶፋው እጆች ጥግ ይሂዱ፤ መሃሉ ክፍት ይሁን። ሰው ቶሎ የሚቀመጠው ክፍት ያየው ቦታ ላይ ነው።

መጠናቸው አንድ ዓይነት ባይሆን ይሻላል። ከኋላ 50 በ50፣ ከፊቱ 45 በ45 ወይም ረዘም ያለ ትንሽ ትራስ። ልብሱ ከሙላቱ በ2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ሲያንስ ትራሱ ሞላ ብሎ ይታያል። እኩል ወይም ሰፊ ከሆነ ግን ጥጎቹ እንደ ጆሮ ተንጠልጥለው ይቀራሉ።

የስፖንጅ ቁርጥራጭ የተሞላበት ትራስ ርካሽ ነው፣ ጀርባን ግን ይቆረቁራል። ፋይበር ለስላሳ ነው፣ ይታጠባልም። የጥጥ ትራስ ካላችሁ አትጣሉት። ፀሐይ ላይ አስጥታችሁ በእጃችሁ ስትደበድቡት ይነፋል።

ስለ ቀለም የምለው አጭር ነው። ሶፋው አንድ ቀለም ነው፣ መጋረጃውና ምንጣፉ ሁለተኛውን ይውሰዱ፣ ሶስተኛው ትራሱ ላይ ጥቂት ቦታ ብቻ ብቅ ይበል። ከዚያ በላይ ሲሆን ዓይን ማረፊያ ያጣል። ሶፋው አበባ ወይም ሌላ ጥለት ያለበት ከሆነ ትራሱ ወጥ ይሁን። ሶፋው ወጥ ከሆነ ትራሱ ይጫወት።

እኔ በጣም የምወደው ትራስ ካረጀ የሐበሻ ቀሚስ የሚሠራው ነው። ቀሚሱ ይነትባል፣ ጥለቱ ግን ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ ይቀራል። አሠራሩ ይኸው፦

መጀመሪያ ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ ፈትሹ። ነጭ ጥጥ አርጥባችሁ ከጀርባው ጥግ ላይ እሹት። ጥጡ ቀለም ከያዘ ያንን ጥለት የማይታጠብ ነገር ላይ አውሉት። ካለቀቀ ጥለቱን ከትንሽ ትርፍ ጋር ቆርጣችሁ አውጡ። ወጥ የሆነ የጥጥ ጨርቅ ግዙና ከመሰፋቱ በፊት እጠቡት፤ ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። 50 በ50 ለሆነ ሙላት ጨርቁን 50 በ50 ቁረጡ። በየጎኑ አንድ ሴንቲ ተኩል ለስፌት ሲሄድ 47 ይቀራል፣ የምንፈልገውም ይህንኑ ነው። ጥለቱን መሃል ለመሃል ሳይሆን ከአንዱ ጎን አንድ ሶስተኛ ላይ አስፉት። ጨርቁ ስስ ከሆነ ገበር ይግባበት። ከኋላው ዚፕ ይደረግለት፤ ያለ ዚፕ የተሰፋ ትራስ አንዴ ከቆሸሸ ማውለቂያ የለውም። የሰፈር ልብስ ሰፊ ጋ ብትወስዱት ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም።

5. ጋቢውን እንዴት እንደሚጣል

የውጭ አገር ፎቶዎች ላይ ሶፋ ላይ ጣል የሚደረግ ብርድ ልብስ እናያለን። ለእኛ ከጋቢ የተሻለ አላውቅም። አራት ድርብ ስለሆነ ክብደት አለው፣ ሲጣል በራሱ ቅርጽ ይይዛል። ማታ ሲበርድ ደግሞ እግር ላይ ይወጣል። ሽሮ ሜዳ ሄዳችሁ ስትመርጡ ጥለቱን ብቻ አትዩ። ጋቢውን በሁለት እጃችሁ ወደ ብርሃን ያዙት። ሽመናው ጥቅጥቅ ያለ ከሆነ ብርሃኑ እኩል ይታያል፤ ሳሳ ያለ ቦታ ካለው ቶሎ ይለይላችኋል።

አጣጣሉ እንዲህ ነው። ጋቢውን በቁመቱ እያጠፋችሁ ስፋቱን ወደ 50 ሴንቲ ሜትር አውርዱት፤ ጥለቶቹ በሁለቱም ጫፍ ይቀራሉ። ይህን ረጅም ቁራጭ በሶፋው አንድ ጎን፣ እጁ አጠገብ፣ ከጀርባው ላይ ወደ ፊት ጣሉት። የፊቱ ጫፍ መቀመጫውን አልፎ ጥለቱ ጠርዙ ላይ ይንጠልጠል። የኋላው ጫፍ ከሶፋው ጀርባ ይውረድ። መሃል ላይ አታድርጉት፣ ሶፋውን ለሁለት የከፈለ ይመስላል። ከዚያ በእጃችሁ አንዴ ብቻ ሳብ አድርጋችሁ ተዉት፤ በመስመር የተተኮሰ እንዳይመስል።

የሌዘር ሶፋ ላይ ጋቢ ይንሸራተታል። መፍትሔው ቀላል ነው። ጋዜጣ ጠበቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉና ጋቢውን በመቀመጫውና በጀርባው መካከል ባለው ስንጥቅ አስገብታችሁ ጥቅሉን ከላዩ ሸጉጡት። ሰው ቢነሳ ቢቀመጥም ይቆያል። አርቲፊሻል ሌዘሩ መላጥ ከጀመረ ደግሞ የተላጠውን መቀመጫ ሙሉ በሙሉ አልብሱት። መላጡን የሚያፋጥነው ፀሐይ ነው፤ ከሰዓት በኋላ መስኮቱ በቀጥታ የሚያገኘው ከሆነ ስስ መጋረጃ ስቀሉ።

ነጭ ጋቢ ቡናማ፣ ጥቁርና ግራጫ ሶፋ ላይ ይደምቃል። ክሬም ሶፋ ካላችሁ ግን ነጩ ይጠፋበታል፤ እዚያ ላይ የመንዝ ባና ሞክሩ። ጠቆር ያለ ሱፍ ስለሆነ ግሩም ይሆናል። ቆዳን ስለሚኮሰኩስ ጀርባው ላይ ብቻ ይደረግ። ነጠላን በተመለከተ እናቴ "ለቤተ ክርስቲያን የሚለበስ አይቀመጡበትም" ትላለች፤ እኔም እስማማለሁ።

6. ዳንቴል የት ይሂድ?

እናቶቻችን በእጃቸው የሠሩትን ዳንቴል ልጆች "ፋራ ነው" ብለው ጓዳ ሲወረውሩት አዝናለሁ። አንዳንዱ የወራት ሥራ ነው። ዳንቴልን ያስጠላው ብዛቱ ነው እንጂ ሥራው አይደለም። ሶፋው ጀርባ ላይ፣ እጁ ላይ፣ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ቡፌው ላይ ሲሆን አንዱም አይታይም።

ከሁሉ የሚያምረውን አንድ ምረጡ። ለብ ባለ ውሃ እጠቡት፣ ቀጠን ያለ አሚዶ ንከሩት፣ ንጹህ ፎጣ ላይ ዘርግታችሁ ጥጎቹን በመርፌ ወጥራችሁ አድርቁት። እንደ አዲስ ይቆማል። ከዚያ ነጠላዋ ሶፋ ጀርባ ላይ ብቻውን አድርጉት፣ ወይም ከስሩ ጠቆር ያለ ጨርቅ አድርጋችሁ በመስታወት ፍሬም አስገቡት። እናትየው ስትመጣ መጀመሪያ የምታየው እሱን ነው።

7. ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ

ፎቶ ከፍ አድርገን ጣሪያ ስር መስቀል ልማዳችን ነው። ያን ጊዜ ሶፋውና ፎቶው አይተዋወቁም። የፍሬሙ ግርጌ ከሶፋው ጀርባ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። አንድ ትልቅ ፍሬም ወይም የተሰበሰቡ ትንንሾች ስፋታቸው በአንድ ላይ የሶፋውን ሁለት ሶስተኛ ያህል ይሁን፤ 210 ሴንቲ ሜትር ለሆነ ሶፋ ወደ 140 ማለት ነው።

ብሎኬት ግድግዳ ስህተት አይወድም። ከመብሳታችሁ በፊት ጋዜጣውን በፍሬሞቹ ልክ ቆርጣችሁ በወረቀት ፕላስተር ለጥፉና ከበሩ ሆናችሁ እዩት። ሲስማማችሁ ብቻ በድሪል ብሱና ፊሸር አስገቡ። የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ ወይም ከስንደዶ የተሰፋ ሰፌድ እዚህ ያምራል። ስዕለ አድህኖ ግን ጌጥ አይደለም፤ በምስራቅ በኩል የራሱ የተከበረ ቦታ ይኑረው እንጂ ከሶፋ ማስጌጫ ጋር አይደባለቅ።

8. መብራት

ጣሪያው ላይ ያለው ነጭ መብራት ብቻ ከሆነ የለፋችሁበት ሁሉ የጤና ጣቢያ ይመስላል። ከሶፋው አንድ ጎን የጠረጴዛ ወይም የቁም መብራት አድርጉ። አምፖሉን ስትገዙ ካርቶኑ ላይ 2700 ወይም 3000 የሚለውን ምረጡ፤ ቢጫው እሱ ነው። 6500 የሚለው ነጩ ነው። ማታ ጋቢው ላይ ሲያርፍ ልዩነቱን ታዩታላችሁ።

አረቢያን መጅሊስ ላላችሁ

ከላይ ያለው አብዛኛው ይሠራል፣ ከፍታው ብቻ ይለያል። መቀመጫው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሁሉም ነገር አብሮት ዝቅ ይበል፤ ጠረጴዛውም፣ ፍሬሙም፣ መብራቱም። ጀርባ ትራሶቹ በራሳቸው ብዙ ስለሆኑ ተጨማሪ ትራስ አያስፈልግም። መጅሊሱ ወለል ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ከሆነ በሳምንት አንዴ አንስታችሁ ስሩን አናፍሱ፤ እርጥበቱ ከሶፋ ይልቅ እሱን ይጎዳል።

9. ፈትሹት

መግቢያው በር ላይ ቆማችሁ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ዓይን የለመደውን ያልፋል፤ ፎቶ ግን የተጣመመውንም የበዛውንም ያሳያል። ከዚያ እያንዳንዱ መቀመጫ ላይ ራሳችሁ ተቀመጡ። ጀርባችሁን ምን ነካው? እግራችሁ የት ደረሰ? የቡናዋን በርጩማ ታያላችሁ?

በመጨረሻ ቡና አፍሉና ጎረቤታችሁን ጥሩ። ምንም አትንገሯት፣ አሳምሬያለሁ እዪልኝም አትበሏት። የት እንደምትቀመጥና ስትቀመጥ ምን እንደምታነሳ ብቻ እዩ። ጓደኛዬ ቤት ከአስራ አንዱ ትራስ አምስቱን አስቀርተን ነበር። ጎረቤቷ ገባች፣ አንዱን አንስታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና "እሺ፣ ምን ተገኘ?" ብላ ጨዋታ ጀመረች። እሱንም ወደ ቁምሳጥን መለስነው።